ትንሽ ኮሌጅ፣ ትልቅ ጎረቤት

«ዓለም አቀፍ ግንኙነትና የአገር ደህንነት ልማር ነው» ብሎ ለቤተሰቡ የሚናገር ወጣት የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው። አባት «ታዲያ አምባሳደር ልትሆን ነዋ!» ብለው ደስ ይላቸዋል። ቡና ሊጠጣ የመጣው ጎረቤት ደግሞ «ደህንነት» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ወንበሩን ሸሸት ያደርጋል። እኛ አገር «ደህንነት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የትምህርት ዘርፍ ሳይሆን ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ከዚያ «የት ነው የምትማረው?» ይባላል። ልጁ ምድር ቤቱ ካፌ፣ አንደኛ ፎቁ ባንክ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቁ ኮሌጅ የሆነ ሕንፃ ስም ሲጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ያንን ጸጥታ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የተመረቅኩ፣ አሁን ደግሞ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ክረምት በመጣ ቁጥር «እንዲህ ያለ ኮሌጅ ገብቼ ይህን ብማር ያዋጣኛል?» የሚል መልእክት ከማላውቃቸው ልጆች ይደርሰኛል። ጥያቄው የምር ነው። የሚከፈለው ብር የእናት እቁብ ነው፤ ወይ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ትምህርት መቼም አይከፋም» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የእኔ መልስ ባጭሩ ይህ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ለመምሰል ከሞከረ አያዋጣም። ትልቁ በወጉ የማያስተምረውን፣ ማለትም ጎረቤቶቻችንን፣ ቋንቋቸውን፣ ገበያቸውን፣ ከእነሱ ጋር የተፈራረምናቸውን ውሎች ቁጭ ብሎ ካስተማረ ግን ያዋጣል። ለልጁም፣ ለአገርም። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ መጥፎውን ወሬ እናውጣው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አለፉ። ከግል ተቋማት ያለፉት ግን 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግዲህ ከስድስት ልጆች አምስቱ በዚያ ዙር ዲግሪውን አላገኙም ማለት ነው። ዓመታት ከፍለው፣ ጋዋን ተከራይተው፣ ፎቶ ተነስተው! ይህን ቁጥር አይቶ ልጄን የግል ኮሌጅ አላስገባም የሚል አባት ቢኖር አልፈርድበትም።

ወጪው ደግሞ የኮሌጁ ክፍያ ብቻ አይደለም። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የምንለው ነገር አለ፤ አንዱን ስትመርጥ የምትተወው ሌላው ነገር ዋጋ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ በእነዚያ ዓመታት ሙያ ሊለምድ፣ ሊነግድ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሊሠራ ይችል ነበር። ያንን ሁሉ ትቶ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ከክፍሉ ይዞት የሚወጣው ነገር ከተወው ነገር መብለጥ አለበት።

እሺ፣ ጥፋቱ የኮሌጁ ትንሽነት ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ ካዛብላንካና ሞንሮቪያ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው የነበሩ አገሮችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ከደከሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አቶ ከተማ ይፍሩ ናቸው። በንጉሡ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የመሩት እኚህ ሰው አሜሪካ የተማሩት የት ይመስላችኋል? ሚቺጋን ውስጥ ሆላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ ሆፕ በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሆፕ ኮሌጅንና የእኛን ሦስተኛ ፎቅ እያወዳደርኩ አይደለም። አንድ ሰው ስለተሳካለትም ሁሉም ይሳካለታል ማለት አይደለም። ግን ትንሽ ቦታ ተምሮ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንደሚቻል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል።

ለእኔ ችግሩ ያለው ኮፒው ላይ ነው። አንድ የትንሽ ኮሌጅ ሃንድአውት አንሱና ተመልከቱ። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም፣ ከዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት፣ ከዚያ የኩባ የሚሳኤል ቀውስ። ፎቶ ኮፒው ከፎቶ ኮፒ የተነሳ ስለሆነ የገጹ ጠርዝ ጠቁሯል። ተማሪው ኬኔዲና ክሩስቾቭ በእነዚያ 13 ቀናት ምን እንዳደረጉ ይሸመድዳል። አፋርኛ በስንት አገር እንደሚነገር ብትጠይቁት ግን ያመነታል። (በሦስት ነው፤ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ።) ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቲዎሪ መነጽር ነው፤ መነጽር ገዝቶ የሚያየው ነገር የሌለው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

በእኛ ትምህርት ውስጥ ዴቪድ ሪካርዶ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፈው አንድ ሐሳብ አለ፤ አንጻራዊ ብልጫ ይባላል። አንድ አገር ሁሉንም ነገር ከሌላው አሳንሶ ቢሠራ እንኳ፣ ከራሱ ሥራዎች መካከል ይበልጥ የሚሻለውን መርጦ ቢይዝ ይጠቀማል ይላል። ትንሹ ኮሌጅ በንድፈ ሐሳብ ስድስት ኪሎን አይበልጥም። ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ ደግሞ ዋሽንግተን ከተቀመጠው ዩኒቨርሲቲ አይበልጥም። ጅግጅጋ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ስለ ቶጎ ጫሌ ንግድ፣ ሞያሌ አካባቢ ያለ ስለ ኬንያ መንገድ፣ ጎንደር ያለ ስለ መተማ፣ ሰመራ ያለ ስለ ጋላፊ፣ ጋምቤላ ያለ ስለ ደቡብ ሱዳን ከማንም በላይ ማወቅ ይችላል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን ስለ ሩቁ ዘመድ ሦስት ኮርስ፣ ስለ ቅርቡ ጎረቤት አንድ ምዕራፍ እናስተምራለን።

«ጎረቤትን ማወቅ» ስል ደግሞ የአገሮቹን ዋና ከተማና ባንዲራ መሸምደድ ማለቴ አይደለም። ምን ማለቴ እንደሆነ በአራት ምሳሌ ላሳይ።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ውጫሌን ሁላችንም እናውቃለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ኢጣሊያን ማገዝ ይችላሉ የሚል ነበር። በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። በአንድ ግሥ የተነሳ ልዩነት መጨረሻው ዓድዋ ነው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የካቲት ላይ እንዘፍንበታለን እንጂ «ታዲያ ዛሬ የእኛን ውሎች በሌላኛው ወገን ቋንቋ ማን ያነባል?» ብለን አንጠይቅም። ሌላም አለ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ዋና ጉዳዩ ከሱዳን ጋር ያለን ድንበር ነው፤ በዚያው ላይ ስለ ዓባይ ውኃ አንድ አንቀጽ አለው። ያ አንቀጽ የሚከለክለው ውኃውን ጨርሶ መገደብ ነው ወይስ ማናቸውንም ሥራ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሕዳሴ ግድብ ድረስ መጥቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የቃላቱ ክርክር ግን አላለቀም። ታዲያ ዓረብኛ የማያነብ የዓባይ ባለሙያ እንዴት ያለ ባለሙያ ነው? ካይሮ በየቀኑ ስለ እኛ የሚጻፈውን በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ እየተከታተልን ስለ ብሔራዊ ጥቅም ማውራት ጎረቤት ግድግዳ ላይ ጆሮ ለጥፎ ግማሹን መስማት ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላም ለዓመታት በብር ነበር የምትገበያየው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ናቅፋን ስታወጣ ሁለቱ ገንዘቦች በምን ሒሳብ ይገበያዩ የሚለው ጭቅጭቅ ተነሳ። ኢትዮጵያ ንግዱ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ኤልሲ ይሁን አለች። ድንበር ላይ በብር ጤፍና ቡና ሲገበያይ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት አስመጪና ላኪ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ብቻ ነው የሚል የለም፤ ባድመ አለ፣ የቆየ የፓርቲዎች ቂም አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ነገር ግን ምንዛሪ ምን እንደሆነ ሳይገባው «ደህንነት» ተምሮ የወጣ ልጅ የዚያን ጦርነት አንድ እግር ቆርጦ ነው የሚያየው።

ሦስተኛው ፍየል ነው። አዎ፣ ፍየል! ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባ የቁም እንስሳ አገደች፤ እገዳው ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ከሶማሌ ክልል በበርበራ በኩል ለሐጅ ሰሞን ይሸጥ የነበረው በግና ፍየል ገበያ አጣ። ሪያድ የተፈረመ አንድ ወረቀት ደገሃቡር ያለ አርብቶ አደር የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያና የሩዝ መግዣ ወሰደበት። ይህ ነው ዓለም አቀፍ ግንኙነት። የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ፣ የኳራንታይን ጣቢያ፣ የላቦራቶሪ ማኅተም፤ እነዚህ ነገሮች የዲፕሎማሲ ኮርስ ውስጥ የሉም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ግን አንድ በቅጡ የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ ከአሥር «የቀዝቃዛው ጦርነት መንስኤዎች» ይበልጣል።

አራተኛው ማዳበሪያ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በዓለም ገበያ ላይ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ሩሲያ ከዋናዎቹ ላኪዎች አንዷ ነችና። እኛ ደግሞ የምንጠቀመውን ከውጭ ነው የምናስገባው፤ መንገዱም ጅቡቲ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያው በር ነው። ጎጃም ያለ ገበሬ ማዳበሪያ ዘገየ ብሎ ሲጮህ ጉዳዩ ከኪየቭ እስከ ባብኤልመንደብ የተዘረጋ ነው። የአገር ደህንነት ማለት ለእኔ በመጀመሪያ ይህ ነው፤ ገበሬው በሰኔ ማዳበሪያ ያገኛል ወይስ አያገኝም?

ይህ አመለካከት ደግሞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይና የአገር ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ የሚነሳው ከውስጥ ነው፤ ዋናው አደጋችን ድህነት፣ ኋላ ቀርነትና የመልካም አስተዳደር እጦት ነው፣ የውጭ ጉዳይም ለዚህ መፍትሔ ማገዝ አለበት ይላል። ስለጻፉት ሰዎች የፈለጋችሁትን አስተያየት መያዝ ትችላላችሁ፤ የጻፉትን እነሱም ምን ያህል ፈጸሙት ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ደግሞም መጠየቅ አለባችሁ። ሰነዱ ግን በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ማንም ተማሪ ሊያነበው ይችላል። ስንት ኮሌጅ ተማሪዎቹን አስነብቦ፣ የቱ ሠራ፣ የቱ ከሸፈ ብሎ አከራከራቸው?

ክርክር ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። «ደህንነት» በሚባል ክፍል ውስጥ ሰው ይፈራል። አስተማሪው ይፈራል፣ ተማሪውም ይፈራል። «ይህን ብናገር ማን ይሰማል?» እየተባለ ትምህርቱ ወደ ሩቅ አገርና ወደ ሩቅ ዘመን ይሸሻል። ኩባ ተወዳጅ የሆነችው ስለማታጣላ ነው። ትንሽ ክፍል እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለው። ሃያና ሠላሳ ሰው የሚተዋወቅበት ክፍል ሦስት መቶ ሰው ከሚቀመጥበት አዳራሽ ይልቅ ለጥያቄ ይመቻል፤ አስተማሪው የተማሪውን ስም ያውቃል፣ ተማሪው እጁን ለማውጣት ማይክ አይጠብቅም። ይህን ዕድል የሚጠቀም መምህር ካለ ኮሌጁ ከነሕንፃው ይባረክ።

ሁለተኛው የትንሽ ኮሌጅ ሀብት ደግሞ የማታ ተማሪ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የማታው ክፍል ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ እስቲ አስቡት። ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሾፌር አለ። የጉምሩክ ወረቀት የሚጨርስ ትራንዚተር አለ። ፖሊስ አለ። ስደተኛ መጠለያ ጣቢያ የሠራ ሰው አለ፤ ኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ የምታስተናግድ አገር ነች። ቤይሩትና ሪያድ ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ሴትም አለች። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንዲመለሱ ተደርጓል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዓረብኛን በየኩሽናው፣ በየገበያውና በየፖሊስ ጣቢያው የተማሩ ናቸው። ዓረብኛ የሚችል ሰው እናጣለን እያልን እናማርራለን፤ ዓረብኛ የምትችለዋን ሴት ደግሞ «ከዓረብ አገር የመጣች» ብለን እንንቃታለን። እሷ ስለ ከፋላ ሥርዓት የምታውቀውን ያህል የሚያውቅ ሞጁል የለም። አንድ ብልህ መምህር ክፍሉን እንዲህ ቢጠቀምበት፣ ሾፌሩ ስለ ጋላፊ ወረፋ፣ ትራንዚተሩ ስለ ሰነድ፣ እሷ ስለ ኤምባሲ ደጃፍ እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ኮሌጁ የሌለውን ቤተ መጻሕፍት አገኘ ማለት ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ ደግሞ፣ የድንበር ቋንቋዎቻችን ስንት በር እንደሚከፍቱ አስቡ። ሶማሊኛ በእኛ፣ በሶማሊያ፣ በጅቡቲና በኬንያ ይነገራል። የቦረና ኦሮሞ ከሞያሌ ወዲያና ወዲህ አለ። ኑዌርና አኙዋክ ከጋምቤላ እስከ ደቡብ ሱዳን፣ በርታ ከአሶሳ እስከ ሱዳን፣ ትግርኛ ከመረብ ወዲያና ወዲህ። በሌላ አገር ሚሊዮን ከፍለው የሚያስተምሩት ቋንቋ እኛ ጋ በእናት ጡት ይገኛል። የጅግጅጋ ልጅ ሶማሊኛው በሥራ ማመልከቻው ላይ እንደ ሙያ የማይጻፍለት ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ምክንያቱም ጠንካራ ተቃውሞ ነው። «ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ቀጣሪ ግን የሚያየው የኮሌጁን ስም ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስም ይታያል። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚወዳደረው ሰው ብዙ፣ ቦታው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለልጁ «አምባሳደር ትሆናለህ» ብሎ የሚመዘግብ ኮሌጅ እያታለለ ነው። አብዛኛው ተመራቂ አምባሳደር አይሆንም። ነገር ግን ይህ ትምህርት በትክክል ከተሰጠ የሚያስቀጥረው ሌላ ብዙ በር አለ፤ የሎጂስቲክስ ድርጅት፣ የባንክ የውጭ ንግድ ክፍል፣ የስደተኛ ጉዳይ ተቋም፣ የእንስሳት ላኪ፣ ጋዜጠኝነት፣ የትርጉም ሥራ፣ የድንበር ወረዳ አስተዳደር። በ2013 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቋል፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ውስጥ መንገደኛና ጭነት የሚያስተናግዱበት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚፈልገው ሰው ስዋሂሊም፣ ኦሮምኛም፣ የጉምሩክ ሕግም የሚያውቅ ነው። የኮሌጁ ስም ሲቪህን ወደ ጎን ሊያስገፋው ይችላል፤ ስዋሂሊ ስትናገር የሰማህ ቀጣሪ ግን የኮሌጅህን ስም ደግሞ አይጠይቅም።

«መጽሐፍ የላቸውም» ይባላል። ይህም እውነት ነው። ግን ስንቱ ነገር በነፃ እንደሚገኝ ልብ በሉ። የአልጀርሱ ስምምነት፣ የድንበር ኮሚሽኑ የሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔ፣ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተፈረመው የሕዳሴ ግድብ የመርሆች መግለጫ፤ ሁሉም ስልክ ላይ ይነበባሉ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ተማሪ ወመዘክር አለለት፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለለት። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ኤምባሲ በአንድ ከተማ ተሰብስቦለት የሚማር ተማሪ ስንት አለ? ይህ ሁሉ ደጁ ላይ እያለ ከፎቶ ኮፒ ላይ ኩባን የሚሸመድድ ልጅ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መልእክት ለምትልኩልኝ ልጆች፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። አታፍሩ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አንደኛ፣ የትኛውን የጎረቤት ቋንቋ ታስተምራላችሁ፣ ስንት ሴሚስተር? «እንግሊዝኛ» ካሏችሁ ፈገግ ብላችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶችን አሳዩኝ በሉ። ርዕሶቹ የትኛውም አገር ሊጻፉ የሚችሉ ከሆነ፣ ምናልባትም በትእዛዝ ተጽፈው የተሸጡ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ አለ ወይ? ይህን የምለው ዘርፌ ስለሆነ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ስለሆነም ነው)። የወደብ ኪራይ፣ የነዳጅ ዋጋና የምንዛሪ ተመን ማስላት የማይችል የደህንነት ተንታኝ የቴሌቪዥን እንግዳ ብቻ ነው የሚሆነው።

አራተኛ፣ ከመውጫ ፈተናው ስንት ተማሪ አሳለፋችሁ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅናስ ለዚህ ዘርፍ፣ ለዚህ ካምፓስ ነው ወይስ ለሌላው? መልሱን በወረቀት ጠይቁ። የማያሳይ ኮሌጅ የሚደብቀው ነገር አለው።

ለኮሌጆቹም አንድ ቃል አለኝ። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ስም ደንበኛ ይስባል፤ ይገባኛል፣ ቢዝነስ ነው። ነገር ግን ተማሪን በስም አምጥቶ በስም ብቻ መሸኘት ውሎ አድሮ ገበያውን ራሱን ያጠፋል፤ የመውጫ ፈተናው ያሳየው ይህንኑ ነው። ሁሉንም ነገር አስተምራለሁ ከማለት አንድ ድንበር ምረጡ። «እኛ ስለ ሱዳን ነው የምናውቀው» ወይም «እኛ ስለ ጅቡቲ መስመር ነው የምናውቀው» የሚል ኮሌጅ ይኑረን። ያኔ ነጋዴውም፣ መንግሥትም፣ ጋዜጠኛውም ሱዳን ውስጥ አንድ ነገር ሲፈጠር ስልክ የሚደውልለት ሰው ይኖረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትቃጠል ብዙ ሰው በመተማ በኩል ሸሽቶ መጣ፤ እኛ ግን ስለ ሁለቱ ጄኔራሎች ማንነት ከውጭ ሚዲያ ነበር የምንጠይቀው። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ድንበር የምንጋራውን አገር ለንደን የተቀመጠ ሰው ሲያስረዳን ማፈር አለብን።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ሰርዶው ደጃችን በቅሏል፤ በሬውም አለ፤ እንዲያውም የማታ ክፍል ውስጥ ከሥራ ደክሞት መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁ «ትንሽ ኮሌጅ ነው የምማረው» ሲላችሁ ዝም አትበሉት። «ስለ ጎረቤቶቻችን ምን ያስተምሯችኋል?» በሉት። መልስ ካለው እቁቡን ክፈሉለት። መልስ ከሌለው ደግሞ ያው ብር ሌላ ሙያ ያስተምረዋል።

ቸር እንሰንብት።